ዳኛው ቀይ ካርድ የሰጡት ስቴክ

አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ነገን አልይ!

«ቀይ ካርድ!» አሉ አማቷ፣ ሳህኑን በጣታቸው ወደ እሷ እየገፉ... «ይኼ ሥጋ ነው ጎማ? ከአውቶቡሱ ፈትተሽ ነው ያመጣሽው?»

ምራትየዋ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት።

አማቷ ደግሞ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ። ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚላቸው። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ሲሰድባቸው ዓይናቸውን ያላሹ ሰው!

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቤት ሊኖሩ መጡ። በመጡ ቀን «አባባ፣ ምን ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ደረታቸውን ነፉ... «ስቴክ! ከጨዋታ በኋላ ስቴክ ያልበላ ዳኛ፣ ዳኛ አይደለም።»

ደስ አላት። ስቴክ እኮ ለሠራተኛ ሰው ግልግል ነው... መጥበሻው ይግላል፣ ሥጋው ይገለበጣል፣ ልብስ ቀይረሽ ሳትጨርሺ እራት ደረሰ!

ግን በሠራች ቁጥር ሰውየው ትንሽ ያላምጡና... «ፋውል!»... «ቢጫ!»... «ቀይ!»

እየከሱ ሄዱ... እኔ ጎረቤታቸውማ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር «በር ዝጉባቸው፣ እንዳይወስዳቸው» እል ነበር።

ይባስ ብለው አንድ ማታ፣ «እሁድ ወደ ድሮ ቤቴ እመለሳለሁ» አሉ።

ብቻቸውን? በዚህ ዕድሜ?

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንድ ሥጋ መጥበስ አቅቶሽ አባቴ ከቤቴ ሊወጣ ነው?»

እሁድ ሻንጣቸውን ይዘው ከወጡ ዘመድ ሁሉ «አስርባ አባረረቻቸው» እንደሚላት ታውቃለች።

ታዲያ አለቀሰች? በጭራሽ! በሥራ መውጫ ሰዓት አደባባይ የምትዞር ሴት እኮ ናት!

«አባባ» አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «እርስዎን ስቴክ ሳላበላ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሻንጣ የለም!»

«እናያለን፣ ሾፌሯ!»

ሥጋ ሻጩን አስጨነቀችው። «ከለስላሳው!... ይኼን አይደለም፣ ያንን!» ምስኪኑ አውቶቡሷ ብቅ ሲል ሱቁን መዝጋት ጀመረ።

ሥጋውን ቀደም ብላ ከፍሪጅ አወጣችው። በጨርቅ አደረቀችው። ጨው ነሰነሰችበት። መጥበሻው እስኪጨስ አጋለችው... ሥጋው ሲያርፍበት የወጣው ድምፅ ሰፈሩን ከሶፋው አስነሳ!

ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ በማንኪያ እየጨለፈች አፈሰሰችበት። አውጥታ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ቢላ ይዞ ሲጠጋ እጁን በማንኪያው መታችው።

«ይረፍ! ወዙን ይሰብስብ!»

ባልየው ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ይኼማ ቅቤ ነው... ሥጋ አይደለም!»

ዳኛው በፊት ጥርሳቸው ነከሱ... አገላበጡ... ሊውጡ ሞከሩ... ሳሉ...

«ቀይ ካርድ» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

እሷ ኩሽና ገብታ ተንበርክካ ወለል መወልወል ጀመረች። ስትናደድ ወለል ነው የምትወለውል።

ከጠረጴዛው ጀርባ እንዳለች ኮቴ ሰማች። ዳኛው ናቸው! ሳህናቸውን ይዘው... ማንም የለም ብለው... ዳቦ ቆርሰው መጥበሻው ውስጥ የቀረው መረቅ ላይ ነከሩና ጎረሱ።

«እጇ ይባረክ...» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴት ይጥማል!»

ከዚያ ቁራጭ ሥጋ አንስተው መጠጡ... ሊያኝኩ ሞከሩ... ፊታቸው ተጨማደደ። አፋቸውን ከፍተው ድዳቸውን በጣታቸው ያዙ።

ያኔ አየች...

ሲስቁ የሚታዩት የፊት ጥርሶች ሙሉ ናቸው። ከኋላ ግን መንጋጋ የሚባል ነገር የለም! በቀኝም በግራም ባዶ!

ሰውየው ስቴኩን አልጠሉትም... ማኘክ አቅቷቸው ነው! ይኼን ከሚናገሩ መራብን መረጡ... ከልጃቸው ቤት መውጣትን መረጡ።

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ እስኪወጡ ድረስ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

በማግስቱ ስቴኩን ጠበሰች፣ አሳረፈች... ከዚያ እንደ ወረቀት አሳስታ ቆረጠችው፣ መልሳ በቢላ አደቀቀችው፣ ከተፈጨ ድንች ጋር አድርጋ መረቁን ለቀቀችበት። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም ሳህን!

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለ ባልየው።

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ፍሬን የለመደ እግር ደግሞ የዋዛ አይደለም!

«ቀኑን ሙሉ ከመሪ ጋር ስታገል ውዬ፣ ማታ ከቢላ ጋር የሚታገል ሰው ማየት አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ስቴክ እንዲህ ነው የሚበላው!»

ዳኛው ሳህኑን አዩ... እሷን አዩ... እንደገና ሳህኑን አዩ።

ከዚያ በሉ... በሉ... በሉ! ሳህኑን አንስተው በምላሳቸው ላሱት!

ባልየው ዕቃ ሊያጥብ ሲነሳ ጠጋ አሏት።

«ልጄ... አውቀሻል፣ አይደል?»

«ምኑን፣ አባባ?»

ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጮህብኝ አልፈራሁም። የጥርስ ሐኪም ወንበር ግን... ብቻዬን አልችለውም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ነገ ጠዋት ሥራ የለኝም» አለች። «እኔው እወስድዎታለሁ።»

እሁድም ሻንጣው ከዚያ ቤት አልወጣም። ይኼን የምጽፈው ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው... በአዲሱ ጥርሳቸው እየሳቁ!

አያችሁ ወገኖቼ... ቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰው ነገር ሲያበዛባችሁ፣ ከመቀየማችሁ በፊት የደበቀው ሕመም እንዳለ ልብ በሉ። ስታገኙት ደግሞ አታጋልጡት... እንዳላያችሁ ሆናችሁ አግዙት!

እናንተ ብትሆኑስ? ያን ማታ ከጠረጴዛው ጀርባ ብድግ ብላችሁ «ያዝኩዎት!» ትሉ ነበር... ወይስ ዝም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ደግሞ... ሳህኑን አልላሱም። በዳቦ ነው የጠረጉት። እቺን አንዲት ቃል ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት።