የኋለኛው ክፍል መስኮት

አከራያችን ኪራይ መጨመር እንጂ መስኮት መጠገን አያውቅም። አምና በኋለኛው ክፍል መስኮት ስንጥቅ የገባው ብርድ ልጃችንን ፍሬገነትን ደረቷን ሲያፍናት ከረመ።

"አንተ አከራዩን ስትሳደብ ብርዱ ይገባል። ይልቅ መስኮቱን ድፈን፤ ልጅቷ ስትስል አብሯት ነቅቶ የሚያድረው እሱ አይደለም" አለችኝ ሚስቴ ድንቅነሽ። ከዚያ ልጅቷን አዝላ ብርድ ልብስ ልትገዛ ፎርድስበርግ ገበያ ሄደች።

የግቢውን ቅጠል ጠረግኩ፤ የውጭውን ቧንቧ ውርጭ እንዳይሰነጥቀው በጨርቅ ጠቀለልኩ። ቴፕ ይዤ በውጭ በኩል ወደ መስኮቱ ስሄድ ከመጋረጃው ሥር የወጣ እጅ ከውስጥ በኩል ቴፕ ይለጥፋል። መቼ እንደተመለሰች አልሰማሁም።

"ድንቄ፣ በሁለቱም በኩል መለጠፍ ምን ይሉታል? የቴፕ ፋብሪካ ያለን መሰለሽ?"

እኔ እየለጠፍኩ ወደ ታች ስወርድ እጁም እኩል አብሮኝ ወረደ። ያኔ ፍሬገነት ከውስጥ ስትስል ሰማሁ። መጨረሻው ላይ የሚያፏጨውን ሳሏን መቼም አልስተውም። ደሜ ፈላ።

"ሳልጨርስ ልጅቷን እዚህ ብርድ ውስጥ ምን አስገባሽብኝ? አውጫት!"

ከኋላዬ የአጥሩ በር ተከፈተ። ድንቅነሽ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ገባች፤ ፍሬገነት ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

"ደግሞ ከመስኮት ጋር ጀመርክ?" አለችኝ እየሳቀች።

ከውስጥ ያለው እጅ የመጨረሻዋን ስንጥቅ ደፈነ። ከመጋረጃው ኋላ ፍሬገነት እንደገና ሳለች።

ድንቅነሽ ሳቋን አቋርጣ፣ እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ ያዘለቻትን ዳሰሰች።