የወንዝ ውሃ ነው

«እንዳታሺው! እጇን ያዙልኝ!» ይላል ያሲር። እጄ ግን አልሰማ ብሎኝ ወደ ዓይኔ ይሮጣል። የሥራ ጓደኛዬ ሰብሌ ሁለቱንም አንጓዎቼን ጥርቅም አድርጋ ትይዘኛለች። ጥሬ ኖራ ነው የገባብኝ። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ አሁን ፍም ሆኗል።

ያለኝ ይሄ አንድ ዓይን ነው። ግራውን ገና ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ወስዶብኛል።

ያሲር የመርሳ ልጅ ነው፤ ይህን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደ ድሮው በኖራ የሚያስጠግነን አለቃችን። ጧት ጧት አንድ ነገር ነው የሚለን። ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስሱ። መነጽር አታውልቁ። ያቺን ጥግ ያለችውን የውሃ ጀሪካን ለዓይን ማጠቢያ ብቻ ተዉአት። «የያሲር ጠበል» እያልን ስንስቅባት ከረምን። ዛሬ ውሃ የሚያመላልሰው አህያ ከወንዝ ሲዘገይብን አንስቼ ኖራው ላይ ገለበጥኳት፤ ያውም ላብ ጋረደኝ ብዬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ። ኖራው ፈልቶ ተፈናጠረ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለእኔ ነው።

ያሲር በደረቅ ጨርቅ ዱቄቱን ከቅንድቤና ከጉንጬ ያራግፋል። «ውሃ! አንዲት ጣሳ ውሃ እንኳ የለም?»

«ንጋትን ጥሯት፣ አራስ ናት» ይላል አንድ ሰው። «ጡቷን ዓይኗ ላይ ታልብላት።»

«ጡትም አይሆንም፣ ቅቤም አይሆንም! ውሃ ብቻ፣ ብዙ ውሃ!» ይላል ያሲር። ወንዙ ገደሉ ሥር ነው። እስኪቀዳ ድረስ ዓይኔ እንደማይጠብቀኝ ሁላችንም አውቀናል።

«ጠበል የያዘች ሴት እየመጣች ነው!» ትላለች ሰብሌ። ከይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል ቀድቶ የሚመለስ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው።

«እህል ቀምሻለሁ» እላለሁ።

ጠበል በባዶ ሆድ ነው፤ እኔ ደግሞ ጧት አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሜያለሁ። በልቼ በድፍረት ብነካው ያለችኝንም ቢወስዳትስ? ዓይኔን ጭምቅ አድርጌ እጨፍናለሁ።

«ውባንቺ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ክፈቺው!»

«አልከፍትም።»

ጥላ ያርፍብኛል። የማላውቀው ድምፅ ነው፤ የትልቅ ሴት፣ በመንገድ የደከመ። «የምን ጠበል ነው የምታወሩ? የወንዝ ውሃ ነው። ለመንገዴ የቀዳሁት። ክፈቺ፣ ልጄ።»

እከፍታለሁ።

ያሲር በጎኔ አስተኝቶኝ ሽፋሽፍቴን በጣቶቹ ፈልቅቆ ይይዛል። «ቀስ እያሉ፣ እናቴ፣ ሳያቋርጡ። ከአፍንጫዋ ወደ ጆሮዋ ይውረድ።» ውሃው ሲነካኝ እጮሃለሁ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ። ዓይንሽን ወዲህ ወዲያ አድርጊው።»

አደርጋለሁ። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ጆሮዬን ይሞላል፤ ሰዎቹ ሁሉ ይርቁኛል። የማየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ጉም አገሩን ሲውጠውና ላሞቹ በድምፅ ብቻ ሲታወቁ ያለውን ዓይነት። ቀለል ይለኛል። የተኛሁት መሬት ላይ ይሁን ውሃ ላይ አላውቅም። ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ እናቴ ብርሃን እንዳይነካኝ ጨለማ ቤት አስተኝታኝ ነበር፤ በጨለማው ውስጥ እጇ ግንባሬ ላይ ሲመጣና ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። አሁንም የሆነ እጅ ግንባሬ ላይ ነው። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ እሰንፋለሁ።

«ከየት ነዎት?» እላለሁ፤ ድምፄ ከሩቅ ይመጣል።

«ከወገል ጤና።»

«ማን ታሞብዎት ነው?»

እጁ ቆም ይላል፤ ውሃው ግን አይቆምም። «ማንም። ዝም በይ፣ አፍሽ ይገባል።»

«አይበቃትም?» ትላለች ሰብሌ።

«አይበቃም» ይላል ያሲር። «የጠራሁት ባጃጅ እስኪመጣ እናፈሳለን። ሐኪም ቤትም ስትደርስ ያጥቧታል።» ከዚያ ቀስ ብሎ ለራሱ ዱዓ ያደርጋል። ከላዬ ደግሞ ሴትዮዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሆነ ነገር ታነበንባለች። ሁለቱ ድምፆች ከውሃው ጋር ተደባልቀው ይወርዱብኛል። እንቅልፍ የሚሉት ይሄ ከሆነ አልጠላሁትም።

ከዚያ ነጩ ይሳሳል።

ጥግ ላይ ቡናማ ነገር ይመጣል። ይጠፋል። ተመልሶ ይመጣል። አፈር ነው። አፈር አየሁ! እልል ማለት ያምረኛል። በጎኔ ስለተኛሁ የማየው መሬት መሬቱን ነው፤ ድንጋይ፣ የያሲር ጉልበት፣ ከጉልበቱ ወዲያ ሁለት እግሮች። የተሰነጣጠቁ የሴት እግሮች ናቸው፤ ባዶ ናቸው፤ ኖራ የነካው ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብተዋል።

ጫማዋ ወዲያ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ለወንዝ ውሃ ጫማ የሚያወልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ወገል ጤና ድረስ ይሄን ውሃ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የእሱን ነው ዓይኔ የጠጣው።

«እናቴ» እላለሁ፣ «እግርዎ ኖራ ውስጥ ነው። ያቃጥልዎታል። ይውጡ።»

«ዝም በይ አልኩሽ» ትላለች፤ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ወደ ላይ ቀና አድርጋ ቂጡን ትመታዋለች። «ገና ጠብታ አለው።»