እማዬን በሳተላይት ፍለጋ

«ዛፍ እንዴት ቀይ ይሆናል?» ይላሉ አባዬ፣ ፎቶው ላይ ጎንበስ ብለው።

«ሳተላይቱ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። ቀዩ ዛፍ ነው፤ ግራጫው የታረሰ መሬት።»

«እብድ ነዋ እንግዲህ!»

እስራኤል፣ ሮቫ ዳሌት የሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነን። ፎቶውን ከዩኒቨርሲቲ የተዋስኩት በስንት ልመና ነው። ወንድሜ ወንዳለ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ይንቆራጠጣል። አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣለታል፤ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ጎንደር። ደርግ ከወደቀ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፣ የእማዬን መቃብር ፈልጎ አጥር ሊያሠራለት ነው የሚሄደው።

ከአባዬ ጋር ወደ ሱዳን ሲሄዱ እማዬ መንገድ ላይ ከቀረች አሥራ ስምንት ዓመት አለፋት። እኔ ከአጎቴ ጋር ቀድሜ ሄጄ ነበር። ወንዳለ ደግሞ አባዬ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ፣ ምኑን ያስታውሳል! የሚያውቁት አባዬ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም የሄዱት በጨለማ ነው።

ሳተላይቱ ወንዙንና ገደሉን ያሳያል እንጂ ስም አያውቅም። ስሙን ከድሮ ካርታ አገኘሁት። የቀረኝ የአባዬ እግር ነው። ከሰፈራችን እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሦስት ሌሊት ሄደዋል፤ ስለካው ለአንድ ሌሊት አንድ ጣት ሆነ።

«በስንተኛው ሌሊት ቀበሯት?»

«እሁድ ማታ ወጣን። በስምንተኛው ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል አረፈች። ድንጋይ ከመርኩባት።»

ስምንት ጣት እለካለሁ። የሚያርፈው ግራጫው መሀል ነው፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል የትራክተር እርሻ።

«ታርሷል» እላለሁ።

ወንዳለ ግድግዳውን በቡጢ ይመታል። «እማዬን? በትራክተር?»

«ሬጋ፣ ሬጋ! ቆይ!» ግንባሬን እመታለሁ። «ሻባት! ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ዓርብ ማታ ሰንበት ገብቷል፣ አልሄዱም እኮ!»

አባዬ በየፋሲካው ሳያወሱት አያልፉም፤ ሽፍታ እያሳደደን፣ ውሃ አጥተን፣ ሰንበትን ግን አልሻርንም ይላሉ። እኔ ልጃቸው ረሳሁት! አንድ ጣት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቀዩ ውስጥ ይገባል፤ ጥቅጥቅ ያለ ዱር፣ ማንም ያልነካው።

«ዮፊ! ጎሽ!» ወንዳለ ግንባሬን ይስመኛል። «በይ ቶሎ፣ ካርታው ላይ ምልክት አድርጊልኝ!»

ከታች የመኪናው ጥሩምባ ይነፋል። እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ በእርሳስ መስቀለኛ ምልክት አደርጋለሁ።

አባዬ ግን አልሳቁም። «ቆይ» ይላሉ።

«ምነው አባዬ? ይረፍድበታል እኮ።»

«ውሃ ውሃ ትል ነበር።» ዓይናቸውን ከፎቶው አልነቀሉም። «ዓርብ ማታ። ቄሱ አይሆንም አሉ፣ ሰዉ ሁሉ ተቀመጠ። እኔ ይኸን ልጅ አዝዬ፣ እሷን ደግፌ…»

ወንዳለ ያነሣውን ሻንጣ ይለቀዋል።

«ሄድን» ይላሉ አባዬ። «ሰንበትን ሻርኩ። ውሃውንም አላገኘሁላት።»

ጣታቸው ዱሩን ያልፋል፣ ግራጫው ላይ ይቆማል።

«እዚህ ናት።»

ጥሩምባው ደጋግሞ ይነፋል። ወንዳለ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአባዬን ጉልበት ይስማል። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ያንን አጥፊና እንደገና አድርጊ» ይለኛል።

አጥፍቼ እንደገና አደርጋለሁ። አባዬ ጣታቸውን ከግራጫው ላይ አላነሡም፤ እኔም አንሡልኝ አላልኳቸውም።