የጁሪሚን ሞረድ

ሶፒና ሞረዱን ያየችው ልብስ አጥባ ከወንዝ ስትመለስ ነው። ዋርሳዋ ጁሪሚን በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ፣ የተቀደደ የዓሣ መረቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመርፌና በናይለን ክር ይጠግናል። ሞረዱ እግሩ ስር ወድቋል። አጠገቡ ሁለት የዛፍ መውጫ ቦርሳዎች አሉ፤ ቀይ ፕላስተር ያለበት የእሷ፣ ቢጫው የእሱ።

«ዕቃሽን አየሁልሽ፣ ዋርሳዬ» አለ ቀና ሳይል። «ዝገት ነበረው፤ አጸዳሁት።»

«እይልኝ አልኩ እንጂ ሙሽራ አድርግልኝ አላልኩም። የገዛ ጀልባህን እንኳ የሚያጥብልህ ዝናብ ነው።»

ሳቀ። ጁሪሚን ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው።

ከወንዙ ማዶ ያለው ትልቁ የማር ዛፍ የባሏ የጋምፓይ ነበር። ጋምፓይ ከዚያው ዛፍ ወድቆ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመንደሩ ሕግ ንቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ አዲስ የሐረግ ቀለበት ያስራል። ሁለት ወቅት ሳይታሰር ካለፈ ዛፉ ለቅርብ ዘመድ ይተላለፋል። አንዱን ወቅት ሶፒና በሐዘን አሳለፈችው። የሁለተኛው የመጨረሻ ቀን ነገ ነው። የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

ሌላም ሕግ አለ። አንድ ሰው ፕላስተሩን የጠቀለለበትን ዕቃ ያለ ፈቃዱ ማንም አይነካም፤ የነካ ዶሮ ይከፍላል። ጋምፓይ ለብቻው ወጥቶ በወደቀ ጊዜ የወንድሙን ባለቢጫ ዕቃ ታጥቆ ስለተገኘ፣ ዶሮዋን የከፈለችው ሶፒና ናት፤ ያውም ከቀብር መልስ። ጋምፓይ ከወንድሙ ይከብድ ነበርና ማሰሪያው አልቻለውም አሉ ሽማግሌዎቹ። ጁሪሚን ዶሮዋን እያለቀሰ ተቀበለ። እያለቀሰም በላት።

ሲመሽ መረቡን ጠቀለለ።

«ነገ ምስክር ሆኜ ስከተልሽ ከዚሁ ስለምንነሳ ቦርሳዬ እዚህ ይደር። ብቻ እንዳትነኪብኝ። ፕላስተሩን እንኳ ዛሬ ነው የቀየርኩት።»

«ሂድ ወዲያ! ለአንተ የምከፍለው ዶሮ የለኝም።»

«ጋምፓይም እንዲሁ ይል ነበር» አለና ወረደ።

እንደሄደ ቦርሳዋን ከፈተች። ዕቃው ቀላል ነው፦ ገመዱን የሚነክሱ ሁለት ባለጥርስ መያዣዎች፣ ለእግር የሚሆን ቀለበት፣ መያዣዎቹን ከወገብ መታጠቂያ ጋር የምታገናኝ አንዲት አጭር ጠፍጣፋ ማሰሪያ። ከቦርሳው ሌላ ፕላስተሩ የሚጠቀለለው እዚያች ማሰሪያ ላይ ነው። ሶፒና አውራ ጣቷን በመያዣው ጥርስ ላይ አሳለፈች። እንደ ድመት ጥፍር ሊቧጥጣት ሲገባ፣ እንደ ሳሙና አንሸራተታት።

ጎንበስ ብላ በረንዳውን አየች። እሱ ከተቀመጠበት ስር የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሩዟን ሲበላ፣ ያኮመጠጠችውን የዱር ማንጎ ጨምሪልኝ ሲላት፣ «ወንድሜ አደራ ብሎኛል» ሲላት የከረመ ሰው ነው። እንባዋ መጣ፤ ከለከለችው። ለሽማግሌው ለማንሩክ ልንገር? «ዝገቱን ነው ያጸዳሁት» ይላል ጁሪሚን። እነሱ ሲከራከሩ ቀኑ ያልፋል፣ ዛፉም ይሄዳል።

የእሱን ዕቃ አወጣች። ጥርሱ እጅ ይቆርጣል። ቢጫው ፕላስተር ሰፋ ብሎ፣ ወፍሮ ተጠቅልሏል። እሱን ሳትነቅል በላዩ ላይ ቀይ ደረበችበት። የተሞረደው የእሷ ላይ ደግሞ ቢጫ ጠቀለለች፤ ሰውዬው ቢጫ ጥቅሉን ሳይቀር ቦርሳው ውስጥ ትቶላት ነበር።

ጠዋት ዛፉ ስር ግማሹ መንደር ተሰብስቧል። ገመዱ በወንጭፍ ተወርውሮ ከላይ ተንጠልጥሏል። ሶፒና መያዣዎቹን ገመዱ ላይ ገጠመች፣ ሦስት ጊዜ ተንጠልጥላ ሞከረች። ጥርሱ ነከሰ። ማሰሪያው ቻላት።

ጁሪሚን ቁጢጥ ብሏል። ቦርሳውን አልከፈተም።

«አንተስ? ምስክር ሆነህ ትከተለኝ የለም እንዴ?»

«ጉልበቴን አሞኛል። ሲተወኝ እከተላለሁ፤ አንቺ ቅደሚ።» ማሰሪያዋን አየት አደረገ። «ፕላስተርሽ ደምቋል ዛሬ።»

«ለባሌ ዛፍ ነው የደመቅኩት።»

«ውጪ እንግዲህ፣ ልጄ» አለ ማንሩክ። «ፀሐይ ሳይከር።»

ወጣች። በእግሯ ቀለበቱን ትረግጣለች፣ ትቆማለች፣ መያዣውን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ማሰሪያው ላይ ትቀመጣለች። እንደገና። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቁጣዋ በረደ። የሐረጉን ቀለበት አስራ ስትወርድ፣ እሱ ዕቃውን ሳይታጠቅ በሰው ሁሉ ፊት ልትነግረው ወሰነች። ቀምታው ልትወጣ እንጂ ልትገድለው አልነበረም። ዶሮዋንም ትከፍላለች፤ ሁለትም ካሉ ሁለት።

ከአርባ ሜትር በላይ፣ ቅርንጫፉ ክንድ ሲቀረው፣ ልታርፍ ማሰሪያው ላይ ተቀመጠች። ብጥስ የሚል ድምፅ ሰማች። ትንሽ ነው፤ እንደ ክር።

ጎንበስ ብላ አየች። ላቧ ፕላስተሩን አርሶታል። ማሰሪያው ሲለጠጥ ቀዩም ቢጫውም አብረው ተላቀው ወደ ጎን ተንሸራተዋል።

«ዋርሳዬ!» አለ ጁሪሚን ከታች፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ደረስሽ?»

ከቢጫው ስር ማሰሪያው ዳር እስከ ዳር በቢላ ተቆርጦ፣ እንደ ዓሣ መረብ በናይለን ክር ተሰፍቷል፤ ከስድስቱ ስፌት የቀሩት ሁለት ናቸው።