እዚህ አይይ

ሽማግሌው ቀዩን ወረቀት ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ይለጥፍና በእጁ ጀርባ ጫን ጫን ያደርገዋል። ወዲያው እጆቹን ኮት ኪሱ ውስጥ ይከታል።

«እዚህ አይይ» ይላል።

መሐንዲሷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። መሣሪያዋ ገና አልተሠራም፤ በእጇ የያዘችው የክብሪት ቀፎ የሚያህል የካርቶን አምሳያ ነው። ሲሠራ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሰው ሲወድቅ፣ በር ተከፍቶ ሲቀር፣ እሳት ሲረሳ ያያል፤ አይቶም ይናገራል። ከመሥራቷ በፊት ግን የቤቱን ባለቤቶች ልጠይቅ ብላ መጥታለች። ለባልም ለሚስትም ቢጫና ቀይ ወረቀት አንዳንድ ሰጥታቸዋለች። ቢጫው «እዚህ ይይ» ነው፣ ቀዩ «እዚህ አይይ»።

«አባባ፣ ብዙ ሰው እኮ ቀዩን የሚለጥፈው መኝታ ቤት ነው።»

«እኛ መኝታ ቤት ምን ይታያል ብለሽ ነው? ማንኮራፋቴ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።»

ትስቃለች። «ወጥ ቤትስ ምን አለ?»

«የቤት ገበና ያለው ወጥ ቤት ነው» ይላል።

ገበናውስ አለ። ሚስቱ እሳት መርሳት ከጀመረች ሰነባብታለች። ድስት ትጥድና መስኮት ዳር እንደተቀመጠች ትቀራለች። ሽታው ሲመጣ እሱ ይነሣል፤ እሳቱን ያጠፋል፤ ያረረውን ድስት ጓሮ ወዳለችው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወስዶ በር ዘግቶ ይፈገፍጋል። ለሚስቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለልጃቸውማ ጭራሽ። ልጅቱ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «አባዬ፣ እማዬ እሳት መርሳት ከጀመረች ወደ እኔ እወስዳታለሁ። ለአንተ ቦታ የለኝም እንጂ ሁለታችሁንም በወሰድኩ።» መሐንዲሷንም የላከቻት እሷ ናት።

ዛሬም በሩ ሲንኳኳ እጁ ድስት ውስጥ ነበር። በቅጡ ሳይታጠብ ወጣ። ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲሰፋ ነጭ ጨርቅ አቆሽሾ የማያውቅ እጅ፣ አሁን ከነጥላሸቱ ኪስ ውስጥ ተደብቋል።

«እማማስ?» ትላለች መሐንዲሷ።

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ናት። ሁለቱን ወረቀቶች ጭኗ ላይ አድርጋ ታገላብጣቸዋለች። የተነገራትን ረሳችው ብሎ ሽማግሌው ይሰጋል።

«ተያት፣ እኔ እለጥፍላታለሁ።»

«እጄ አልተቆረጠም» ትላለች ሚስቱ።

ትነሣለች። ግድግዳውን እየተደገፈች ወጥ ቤት ትገባለች። የእሱን ቀይ ወረቀት ከምድጃው በላይ ትነቅልና በቦታው ቢጫዋን ትለጥፋለች።

«ምን ነካሽ? እኔ የለጠፍኩት እኮ ነው።»

«እሳት የምረሳው እኔ፣ የምትሸፍነው አንተ?» ወደ መሐንዲሷ ትዞራለች። «ልጄ፣ እዚህ ይይ። ግን ሲያይ ለማን ነው የሚናገረው?»

መሐንዲሷ ወደ እሷ ጠጋ ትላለች። «ለልጅዎ ስልክ እንዲደውል ነበር ያሰብነው።»

«መጀመሪያ ለእኔ ይንገረኝ። ጮክ ይበል፣ ጆሮዬም ያው ነው። እኔ ካልተነሣሁ ለእሱ። እሱም ካልሰማ ያን ጊዜ ለልጄ። የሰው ገበና ባለቤቱን ዘሎ ይሄዳል እንዴ?»

«እንደሱ አላሰብነውም» ትላለች መሐንዲሷ ካርቶኗን እያየች። «ይቻላል ግን። ልጅዎ ብትጠይቀኝስ፣ ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። ስትደውል እኔው እነግራታለሁ። እዚሁ ቤቴ ሆኜ።» ባሏን ቀና ብላ ታየዋለች። «ከረሳሁ አስታውሰኝ።»



ሚስቱ የቀራትን ቀይ ወረቀት ይዛ በጓሮ በር ትወጣለች። ሁለቱም ይከተሏታል። ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ፣ ወረቀቱን በባሏ ዐይን ትክክል ትለጥፈዋለች።

«እዚህ አይይ።»

«እዚህ ደግሞ ምን አለ እማማ?»

«ሰውዬው ሥራ አለው።»

ሚስቱ ተመልሳ ትገባለች፤ መሐንዲሷም ክንዷን ልትይዝላት ትከተላታለች።

በሩ እርጥበት ይዟል፤ የወረቀቱ ጫፍ ይነሣል። ሽማግሌው ቆሞ ያየዋል። ከዚያ እጁን ከኪሱ ያወጣና በአውራ ጣቱ ጫን ይለዋል። ጣቱን ሲያነሣ ቀዩ ላይ ጥቁር አሻራ ቀርቷል።