የወንበዴው ዜማ

«ይቅርታ መምህር፣ አልወጣ አለኝ» አለና ሾፌሩ ኖታውን አጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው።

ሲያቋርጥ ይሄ አራተኛው ነው። ድምፁ ምንም አልሆነም፤ ጠዋት አውቶቡስ ሲነዳ አርፍዶ ከሰዓት ወደ ልምምዳችን ሲመጣ እንኳ ጉሮሮው ንጹሕ ነው። ችግሩ ዜማው ላይ ነበር። ዜማው ደግሞ የእኔ ነው።

«ምኑ ነው የማይወጣው?»

«ማማሩንስ ያምራል። ግን ይሄ ሰውዬ ወንበዴ ነው፤ ተሰቅሎ ሊሞት ነው። እርስዎ የጻፉለት የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው ዜማ ነው። እንደሚከፈትለት ያውቃል።»

ከመዘምራኑ አንዷ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን የስቅለት ኦፔራ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከማስተምርበት ሰዓት እየሸረፍኩ፣ በመሃል የእማዬን መድኃኒት እየሰጠሁ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ወታደሮቹ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ያ ሁሉ አልቋል። የቀረችኝ በቀኝ በኩል የተሰቀለው ወንበዴ «አስበኝ» የሚልባት አንዲት ዜማ ነበረች። የቀረው ሁሉ የተጻፈው ወደ እሷ ለመድረስ ነው።

ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ነው። የምታጅበን ልጅ እጇን አሟት ነው እንጂ እኔ አልጠራሁትም፤ እማዬ ናት «እሱ አለ አይደል እንዴ?» ያለችው። አሥራ ሁለት ዓመት በየመጠጥ ቤቱ አኮርዲዮን እየተጫወተ፣ ተጫውቶ ያገኘውንም እዚያው እየጠጣ ኖሮ፣ አምና አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተንበረከከ፤ ሲነሣ ሰው ሆኖ ተነሣ። ያን ቀን ያላቀፈው አልነበረም። እማዬ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከመዘምራን ወንበር ርቄ አላውቅም። ለእኔ ማን አለቀሰ?

«ትንሽ እንረፍ» አልኩ።

መዘምራኑ ውሃ ወዳለበት ጥግ ሄዱ። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ ሳለ ወንድሜ በአንድ ጣቱ አንድ ነገር መነካካት ጀመረ። ዜማው እጁን እንደሚዘረጋ ሰው ሦስት እርከን ወጣ፤ ከዚያ ወደቀ፤ ከተነሣበትም በታች፣ ማንም ከማይጠብቀው ድምፅ ላይ። እዚያው ቆየ። ከዚያ ከወደቀበት ሆኖ፣ በሹክሹክታ ያህል፣ ሁለት ድምፅ ብቻ።

የሾፌሩ ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እኔም ከወረቀቴ ቀና አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት ወንድሜን።

«ምንም አይደል እታለም፣ እንዲሁ ነው።»

«ከየት አመጣኸው?»

እጁን ከፒያኖው ላይ አነሣ። «መናኸሪያ አድር በነበረ ጊዜ… አንድ ጠዋት ብርዱ ቀሰቀሰኝና ራሴን አየሁት። ልጸልይ ብዬ አፌን ብከፍት ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ያኔ ያንጎራጎርኩት ነው።»

«ይሄማ ራሱ ነው!» አለ ሾፌሩ። «መምህር፣ ሰውዬው እኮ ይሄ ነው!»

ሁሉም አዩኝ። እኔ የዜማን ሕግ ከነማብራሪያው በቃሌ እወጣዋለሁ። እሱ በአንድ ብርዳም ጠዋት፣ ያውም ሳይፈልገው አገኘው።

«ድገመውና ልጻፈው» አልኩ። ድምፄ ደኅና ነበር።

ደገመው። እየተከተልኩ ጻፍኩ። ያቺ የምትወድቀው ድምፅ ጋ ስደርስ ግን ወደ ላይ አነሣኋትና ሰው ከሚጠብቃት ቦታ አስቀመጥኳት። ሕጉ እንዲህ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነበር። እንዳያምርለት ነው።

ወረቀቱን ፒያኖው ላይ ዘረጋሁት። ሾፌሩ በወንድሜ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ ዘመረው። አንድም እንከን አልነበረውም፤ ግን ሞቷል። ሾፌሩ ግራ ተጋባ። «ቅድም ሌላ ነገር የነበረው መሰለኝ። ወይስ ጆሮዬ ነው?»

ወንድሜን ጠበቅሁት። የቀየርኳትን ድምፅ በገዛ ጣቱ ተጫውቷታል። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ስንት ዓመት ሲዋሸኝ እሱን ሳይ የኖርኩት እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«እንዲህም ጥሩ ነው» አለው። «እሷ ታውቃለች።»

ከሚሸፍንልኝ በሰው ፊት ቢያዋርደኝ በተሻለኝ።

ላጲሴን አነሣሁ። ያቺን ድምፅ አጥፍቼ ወደ ወደቀችበት ስመልሳት ወረቀቱ ሳሳ። «ተሳስቼ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማኝ፣

«አልተሳሳትኩም» አልኩት። «አውቄ ነው።»

«አውቄያለሁ እታለም።»

«እና ምንም አትለኝም?»

«ምን እላለሁ» አለና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «ይልቅ ነይ፣ የታችኛውን ድምፅ አንቺ ያዢልኝ። ለብቻዬ ከብዶኛል።»

ተቀመጥኩ። አግዳሚው ለሁለት ሰው ጠባብ ስለሆነ ትከሻችን ተነካካ። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርከን ወጣ። መውደቂያው ሲደርስ ያቺን ድምፅ የመታኋት እኔ ነኝ። ጣቴን አላነሣሁም፤ የፒያኖው እንጨት ውስጥ እየቀጠነች እስክትጠፋ ድረስ ተጭኜ ያዝኳት።