የታችኛው ክፍል እጀታ

ጡረታ የወጣው የጦር መርከብ ወደቡ ዳር ታስሮ ሙዚየም ሆኗል። ስንቱን ያስበረገገው መድፍ ላይ ዛሬ ተማሪዎች ተንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ማለት ይኸው ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የበሮቹ የነሐስ እጀታዎች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ከማብሰያ ክፍሉ ጠፋ፤ ቀጥሎ ከመኝታ ክፍሎቹ። እጀታው የሌለው የብረት በር ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ገርበብ እንዳለ ይቀራል። ነሐስ ደግሞ በኪሎ ይሸጣል።

ሥራ አስኪያጇ ዘበኛውን አስጠራችው። ሙዚየም ሊከፈት ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ የተቀጠረ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ የጎጆውን በር ስለማይዘጋ ሠራተኞቹ አባ ክፈተው ይሉታል። የፈለገው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል እንጂ አያንኳኳም፤ ያንኳኳበት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውላል። የሰው አመል ብዙ ነው ብለው ትተውታል።

"ጋሼ፣ ያ ሽማግሌ አላማረኝም" አለችው።

"ምን አደረጉ?"

ሽማግሌው እሑድ እሑድ ይመጣሉ። አሮጌ የቆዳ ቦርሳ አይለያቸውም። መድፉን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ደረጃውን ወርደው የታችኛው ክፍል ይገባሉ። ግድግዳው ላይ፣ በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ያለቁት መርከበኞች "በቅጽበት ተሰዉ" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። አንዱ የእሳቸው ልጅ ነበር። ለጽሑፉ ጀርባቸውን ሰጥተው በሩን ይደባብሳሉ፤ ከዚያ በጣታቸው አንጓ ብረቱን ያንኳኳሉ። ይሄኔ ዘበኛው ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እሳቸው በር ይደባብሳሉ" አለች ሥራ አስኪያጇ።

"አቅመ ደካማ ናቸው እኮ። በምን ጉልበታቸው ይፈቱታል?"

"እርስዎ ደግሞ ለሁሉም ሆድዎ ይባባል።"

በሚቀጥለው እሑድ የታችኛው ክፍል እጀታ ጠፋ። ሥራ አስኪያጇ ሽማግሌውን ደረጃው አናት ላይ ጠብቃ፣ ጎብኚው ሁሉ እያየ ቦርሳቸውን ዘረገፈችው። ፎጣ፣ መነጽርና የመድኃኒት ብልቃጥ ወጣ። እጀታ የለም።

አፈረች፤ ግን አንዴ ጀምራዋለች።

"ለሰው አቀብለውት ይሆናል። አባባ፣ ከእንግዲህ እዚህ እንዳይመጡ።"

ሽማግሌው ዕቃቸውን ሊሰበስቡ አጎነበሱ። ለሌብነት ይቅርና ብልቃጡን ለማንሳት እንኳ አቅም አልነበራቸውም። ዘበኛው አነሳላቸውና ቦርሳውን ተሸክሞ እስከ መውጫው ሸኛቸው።

"ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው የሆንክልኝ አንተ ብቻ ነህ" አሉት።

"በሩን ግን ለምንድን ነው የሚደባብሱት፣ አባቴ?"

"በቅጽበት የሚሉት ውሸት ነው። ከዚህ መርከብ የተረፈ አንድ መርከበኛ ሊሞት ሲል አጫውቶኛል። ውሃ ሲገባ ሕጉ ነው አሉ፤ ለበሩ የቀረበው ሰው ይዘጋል፣ ውስጥ ማንም ይኑር ማን አይከፍትም። ልጆቹ እስኪደክማቸው አንኳኩ። እኔ የዘጋውን ሰው ነው የምፈልገው። ምናልባት እሱም በሩን ሊያይ ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው የምመላለሰው።"

"ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?"

"ምን አደርገዋለሁ? እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ታዞ ነው። ልጄ ከበሩ ማዶ ምን ይል እንደነበር ብቻ ይንገረኝ። እሱን ሳልሰማ መሞት አልፈልግም።"

ዘበኛው ቦርሳውን ዘረጋላቸው።

"እንግዲህ እኔ መግቢያ የለኝም" አሉ ሽማግሌው። "አንተ ድንገት ብታገኘው ጠይቅልኝ።"

"እሺ፣ አባቴ።"

ሽማግሌው ባዶ ሊባል ምንም ያልቀረውን ቦርሳ ተቀብለው በመጋዘኖቹ ጥግ ጥግ ሄዱ። ዘበኛው ከዓይኑ እስኪሰወሩ ቆሞ አያቸው።

ከዚያ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከቶ የታችኛውን ክፍል እጀታ ጨበጠው፤ ውሃው የገባ ቀንም ይህንኑ አዙሮ በሩን የዘጋው በዚሁ እጁ ነበር።